መኪናው ቡና ሲቆላ፦ የናፍጣ ሚኒባስ ጥቀርሻን በገዛ እጅ ማጽዳት

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሄደ ሰው የጎጀብን አቀበት ያውቀዋል። ሸቤን አልፋችሁ ቁልቁል ወደ ወንዙ ትወርዳላችሁ፤ ድልድዩን ስትሻገሩ መከራው ይጀምራል። የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ላይ የእኔ አባዱላ እዚያ እጅ ሰጠች። በሦስተኛ ማርሽ እምቢ አለች። ሁለተኛ ብሰጣት አጓራች እንጂ አልገፋችም። በስፖኪዮ ሳይ ከኋላዬ መንገድ የለም፣ ጥቁር ጭስ ብቻ። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «ልጄ፣ ቡና እየቆላህ ነው እንዴ? አሳረርከው እኮ!» አሉኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ነገሩ ድንገት የመጣ አልነበረም። ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቢጫዋ የሞተር መብራት በርታ አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር። ኮምፒውተር ሰኩባት፤ ፒ 0401 የሚል ኮድ ወጣ። «ኢጂአሩ ሞቷል» ተባልኩ። ያገለገለ ቫልቭ ገዝቼ አስገጠምኩ፣ መብራቱም ጠፋ። ጎጀብ ላይ ስቆም ግን ነገሩ ገባኝ። ኮዱ የሚለው «በዚህ በኩል የሚያልፈው ጭስ አነሰ» ብቻ ነው። ለምን አነሰ ብላችሁ ብትጠይቁት መልስ የለውም። አሮጌው ቫልቭ ደህና ነበር፤ የታፈነው መንገዱ ነው። ያንን ቫልቭ እስከዛሬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ለቁጭት።

ኢጂአር የሚባለው ከተቃጠለው ጭስ የተወሰነውን ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልስ መንገድ ነው። የተቃጠለ ጭስ ኦክስጅኑ ትንሽ ስለሆነ ከንጹህ አየር ጋር ሲቀላቀል የቃጠሎው ሙቀት ይቀንሳል። ሙቀቱ ሲቀንስ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝም ይቀንሳል። ስለዚህ ለጉልበት ሳይሆን ሰው ለሚተነፍሰው አየር ሲባል የገባ ዕቃ ነው። ችግሩ ጭሱ ጥቀርሻ ይዞ ይመለሳል። ጥቀርሻ ብቻውን ደረቅ ነው፣ እንደ ወጥ ቤት ጣሪያ። ነገር ግን ከሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ የሚመጣ የዘይት እንፋሎት ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ውስጥ ያገኘዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ቅጥራን ይሆናሉ።

የእኛ አገር አሠራር ደግሞ ቅጥራኑን ያፋጥነዋል። መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሞተሩን አርባ ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ማቆየት ልማዳችን ነው። በሚኒሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፣ የጭሱም ግፊት ትንሽ ነው፤ ጥቀርሻው እየተጠረገ ከመውጣት ይልቅ እዚያው ይለጠፋል። ሌላው ቴርሞስታት፣ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ዕቃ ነው። «እንዳይሞቅ» ብሎ አውጥቶ የማይጥለው ሰው ጥቂት ነው። እኔም አስወጥቼ ነበር። ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ሲሠራ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም። ጅማ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ ዕቃ) ያለው ሞተር ይህን ይሸፍነዋል፣ የቱርቦው ቱቦ ካልተሰነጠቀ። ከተሰነጠቀ ጥቁር ጭስ ይጠብቃችሁ።

እና ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ርካሹን ነገር እዩ። የአየር ፊልትሮውን አውጡና ወደ ፀሐይ አንሱት። በበጋ የገጠር መንገድ ከሠራችሁ አቧራ ጠጥቶ ታገኙታላችሁ። ከቱርቦው ወደ ማኒፎልዱ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ በእጃችሁ ዳብሱት፤ ዘይት ያላበው ቦታ ካለ እዚያ ስንጥቅ ፈልጉ። የአየር መለኪያ ሴንሰሯንም እዩ። ቀጭን ሽቦ ናት፤ በጨርቅም በጣትም አትነካም። ለሷ የተሠራውን ስፕሬይ ረጭታችሁ እስክትደርቅ ጠብቁ። እሷ ከዋሸች ኮምፒውተሩ ኢጂአሩንም በተሳሳተ ልክ ነው የሚከፍተው።

ቀጥሎ ለቫልቩ የ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዙ። ቫልቫችሁ ከላዩ እንደ ድስት ክዳን ያለ ክብ ነገርና ቀጭን የጎማ ቱቦ ካለው የሚከፈተው በአየር መሳብ ነው። ቱቦዋን ነቅላችሁ በምትኳ ሲሪንጁን ሰክታችሁ ሳቡ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ስትስቡ ድምፁ መለወጥ ወይም ሞተሩ መንገዳገድ አለበት። ከተንገዳገደ ጭሱ እያለፈ ነው፣ መንገዱ ክፍት ነው። ምንም ካልተሰማው ወይ ቫልቩ ተጣብቋል ወይ መንገዱ ተደፍኗል። ሲሪንጁ ስትስቡት ዝም ብሎ ከመጣ ደግሞ ውስጡ ያለው ጎማ ተቀዷል፤ ያን ጊዜ ቫልቭ መግዛት ተገቢ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ሲሪንጅ አይረዳችሁም፤ ፈትታችሁ ታዩታላችሁ።

አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ተዘግቶ የቀረ ቫልቭ መብራት ያበራል እንጂ መኪናውን ብዙም አያደክመውም። ተከፍቶ የቀረ ግን ከታች ጉልበት ያሳጣል፣ ያጨሳል፣ በሚኒሞ ያንቀጠቅጣል። የእኔ ነገር ከሁለቱም የባሰ ነበር፤ ጭሱ የሚገባበት ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን ማኒፎልዱ ራሱ ጠቦ ሞተሩ አየር አጥቶ ነበር።

ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ሙሉ ቀን ያዙ፣ እሁድ ቢሆን ይመረጣል። ሞተሩ ይብረድ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይውጣ። በአባዱላ ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ ወንበሩን ታነሳላችሁ፣ ከዚያ ወገባችሁን ትረሳላችሁ። ጓንትና ማስክ አድርጉ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን በ2012 እ.ኤ.አ. ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ያንን ጥቀርሻ በአፍ እፍ የሚል ልጅ ካያችሁ ተቆጡት። የናፍጣው የብረት ቧንቧዎች መንገድ ከዘጉባችሁ ደግሞ እዚያ ላይ ባለሙያ ጥሩ። ናፍጣውን በጋራ ቧንቧ በሚያከፋፍል ኮመንሬል ሞተር ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፤ ቧንቧው ውስጥ የገባች አንዲት የአቧራ ቅንጣትም ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል ልትገድል ትችላለች።

እያንዳንዱን ሶኬትና ቱቦ ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ቫልቩን፣ ከጭስ ማውጫው የሚመጣውን ቧንቧ፣ ከዚያ ማኒፎልዱን አውጡ። የእኔን ስከፍት ቡጢ ሊያስገባ የሚገባው ቀዳዳ ሁለት ጣት ብቻ አስገባ። በእንጨት ፋቅሁት፤ ብረት የአሉሚኒየሙን ፊት ይጭራል፣ የቫልቩንም መቀመጫ ያበላሻል። ከፋቅሁ በኋላ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ቤንዚኑን ከቤት ውጭ፣ ከከሰልና ከሲጋራ ርቃችሁ። ኮስቲክ ሶዳ የሚመክሯችሁ አሉ፤ አሉሚኒየም ይበላል፣ እንዳትሞክሩት። የቫልቩን ጎማና የኤሌክትሪክ ክፍል ደግሞ አትዘፍዝፉ፣ ብረቱን ብቻ በስፕሬይና በጥርስ ብሩሽ።

ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው አደገኞቹ። የአየር ማስገቢያ ቫልቩ የተከፈተ ሲሊንደር ላይ ከፋቃችሁ ፍርፋሪው ፒስተን ላይ ይወርዳል። ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ የተዘጋውን ብቻ ፋቁ፣ ፍርፋሪውን በቫኪዩም ምጠጡ፣ ሌሎቹን በጨርቅ ድፈኑ። ጨርቁንም ቁጠሩ! የእኔ ረዳት አምስት አስገብቶ አራት አወጣ። አምስተኛውን ስንፈልግ ግማሽ ሰዓት ላብ አጠመቀን። በመጨረሻ ኪሱ ውስጥ ተገኘ።

ሳትፈቱ በአየር ማስገቢያው ስፕሬይ ረጭቶ የማጽዳት ዘዴም አለ። ይህን ያህል ለተደፈነ ሞተር አልመክርም። ናፍጣ ሞተር በአየሩ የገባለትን የሚነድ ነገር ሁሉ ያቃጥላል፤ ብዙ ከረጫችሁ ከቁጥጥር ውጭ ሊጮህ ይችላል። የተላቀቀ ትልቅ ቁራጭም የት እንደሚሄድ አታውቁም።

ስትገጥሙ ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን፤ ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር እኩል እኩል አጥብቁ። ኮዱን አስጠፉ። ሞተሩ ሲሞቅ ከጅማ በሰርቦ በኩል ወጥታችሁ አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጋችሁ በደቂቃ ከ2,500 እስከ 3,000 ዙር እየነዳችሁ ሃያ ደቂቃ ሂዱ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያጨሳል፣ አትደንግጡ።

አሁን ጥቀርሻውን ያመረተውን ፈልጉ፤ ካልሆነ ያ ሁሉ ድካም ለስድስት ወር ነው። የእኔ ጥፋተኞች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ያወጣሁት ቴርሞስታት። ሁለተኛው የሦስተኛው ሲሊንደር ኖዝል፣ ስናስፈትሸው ያንጠባጥብ ነበር። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያ ክዳኑን ከፍታችሁ ጭስ በኃይል ከገፋችሁ ፒስተን ቀለበቶቹ ደክመዋል፣ ዘይቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ራዲያተሩ ውኃ እየጎደለ መሬት ላይ ጠብታ ከሌለና ነጭ ጭስ ካያችሁ፣ ቴስታታ ከመውረዱ በፊት የኢጂአሩን ማቀዝቀዣ አስፈትሹ።

ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ላሜራ ነው። ላሜራ ቆርጦ መንገዱን መድፈን ርካሽ ነው፣ ብዙ ጋራዥም ያደርገዋል። ጥቀርሻው በዚያ በኩል አይገባም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ጭሱን ይጠብቃል፤ ሲያጣው በብዙ መኪና ላይ መብራት ያበራል፣ አንዳንዱም ጉልበት ይቀንሳል። የሚያንጠባጥበውን ኖዝልም አያድንም። ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ደግሞ መናኸሪያ ውስጥ ቆሎ ከምትሸጠው ልጅ አፍንጫ ይገባል። እኔ አላስደፈንኩም። ያስደፈነ ጓደኛዬ በየሳምንቱ ይቀልድብኛል።

አሁን ተሳፋሪ እስኪሞላ ሞተር አጠፋለሁ፤ ረዳቴ መጀመሪያ «ባትሪው ቢደክምስ?» እያለ ይነጫነጭ ነበር። በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ የማኒፎልዱን መግቢያ ቱቦ ፈትቼ ጣቶቼን አስገባለሁ። አራቱም ካለፉ መልሼ እዘጋዋለሁ። ባለፈው ወር አራቱም አልፈዋል፣ አውራ ጣቴ ብቻ ትንሽ ጠቁራ ወጣች።