ሰመር ላይ ደሞዛችሁን ድስቱ እንዳይበላው

ጁን ሲጋመስ ያው ጥያቄ ይመጣል። በስልክ ይመጣል፣ በቴሌግራም ይመጣል፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሻይ ይዘን ቆመን ሳለ ይመጣል። «አሜሪካ ምግብ ርካሽ ነው አላላችሁንም? ታዲያ ደሞዙ ለምን ወር አያደርስም?» ጠያቂዎቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዊንተሩን ደህና የተወጡ፣ ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ከምደግመው አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ምግቡ አልተወደደም። እንዲያውም ቲማቲሙ፣ በቆሎው፣ ዝኩኒው፣ ቃሪያውና ሐብሐቡ ከዓመቱ ሁሉ የሚረክሰው በእነዚህ ወራት ነው። ችግሩ አሁንም አዲስ አበባ እንዳላችሁ አድርጋችሁ ማብሰላችሁ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። ሐምሌ እዚያ ዝናብና ብርድ ነው፤ ምድጃው ቤቱን ቢያሞቀው ተመስገን ነው፣ ወጡም ድስቱ ውስጥ አድሮ ጠዋት ይሞቃል። ቨርጂኒያ ወይም ቴክሳስ ሆናችሁ በዚሁ ወር ሽንኩርት ሁለት ሰዓት ሙሉ ስታቁላሉ ምድጃው ቤቱን ያግላል፣ ኤሲው (አየር ማቀዝቀዣው) ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ሲለፋ ይውላል፣ እናንተ ለሁለቱም ትከፍላላችሁ። ወጡ ውጭ አድሮ ይበላሻል፣ ይደፋል። በማግስቱ ሙቀቱ ስላሰለቻችሁ ከውጭ ታዝዛላችሁ። ለአንድ እራት ሦስት ጊዜ ከፈላችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይሩ። ከባዱን ሥራ ጎህ ሲቀድ ወይም ማታ አየሩ ሲበርድ ጨርሱት። በሳምንት አንዴ ብቻ ብዙ ቁሌት ሥሩ፤ ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ሁሉ ነገር ያለቀለት። ሲበርድ በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ስስ አድርጋችሁ አስተኝታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ሲያስፈልግ የሚበቃውን ያህል ሰብሮ ድስት ውስጥ መጣል ነው። ምስር ወጥ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። ስሎው ኩከር (በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት) ያለው ደግሞ ሽንኩርቱን ማታ ጥዶ ይተኛ። ካሊፎርኒያ ላላችሁ ይህ ነገር እጥፍ ይመለከታችኋል፤ እዚያ ብዙው የመብራት ታሪፍ በፈረንጅ ሰዓት ከቀትር በኋላ ከ4 እስከ ማታ 9 ድረስ ይወደዳል፣ እኛ እራት የምንጥደው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ስለ ምጣድ። ከሀገር ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭናችሁ አትምጡ። ያ በ220 ቮልት የሚሠራ ነው፣ እዚህ ያለው ተራ ሶኬት 120 ቮልት ነው። እዚህ የተገዛውንም ቢሆን ከመስኮት ኤሲ ጋር በአንድ መስመር ሰክታችሁ «መብራት ጠፋ» ብላችሁ አከራይ አትጥሩ። መስመሩ ብዙ ጊዜ 15 አምፒር ነው፣ ሁለቱን አብሮ አይችልም፣ ብሬከሩ ይወድቃል። ጋግራችሁ እስክትጨርሱ ኤሲው ይጥፋ፣ አለቀ። ለቡና ብሎ ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ የማይታሰብ ነው። ኤሲ ስለሚበራ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ቀጥሎ የምትበሉትን ቀይሩ። አዲስ ነገር ተማሩ አላልኩም። የጾም ምግባችን እኮ ለሙቀት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ቲማቲም ፍትፍት፣ ቡቲቻ፣ ተልባ፣ በሶ፤ ግማሹ እሳት አያይም፣ ግማሹ አንዴ ተቀቅሎ ቀዝቅዞ ይበላል። ፍልሰታ ራሷ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ናት፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21፣ የእዚህ አገር ሙቀት በሚያቃጥልበት ሰሞን። የማይጾምም ቢሆን ያንን ገበታ ሰመሩን ሙሉ ቢከተለው ይጠቀማል። ሙስሊሙም ጴንጤውም ይብላው፣ አዚፋ ሃይማኖት አትጠይቅም።

አዚፋን ብዙ ሰው ያበላሻታል። ምስሩ ድፍን ቡናማው ወይም አረንጓዴው ይሁን፤ ቀዩ ክክ ይሟሟል። በጣታችሁ ስትጫኑት እሺ የሚል፣ ግን ቅርጹን ያልለቀቀ እስኪሆን ቀቅሉት፣ ውሃውን ደህና አድርጋችሁ አጥሉት፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በሹካ ጀርባ ግማሽ በግማሽ ዳጥ ዳጥ አድርጉት። ሰናፍጩ፣ ሎሚው፣ ደቆ የተከተፈው ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ትንሽ ዘይት የሚገቡት ያኔ ነው። ትኩሱ ላይ ሰናፍጭ ከጨመራችሁ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር ይጠፋል፣ የቀረው ቀዝቃዛ ምስር ነው። ማደሩ አይጎዳውም፣ እንዲያውም በማግስቱ ይሻላል።

ቅመምና ጥራጥሬ ከሐበሻ ሱቅ ብቻ የምትገዙ፣ አንድ ቀን የሕንድ ሱቅ ግቡ። ነጭ አዝሙድ እዚያ አጅዋይን ይባላል፣ ጥቁር አዝሙድ ካሎንጂ ነው፣ አብሽ ሜቲ ነው። ምስሩና እርዱ በትልልቅ ከረጢት አለ። ኮረሪማ ግን አታገኙም፤ ሄል ገዝታችሁ «ያው ነው» አትበሉ፣ ያው አይደለም። ለእሱና ለበርበሬው ሐበሻ ሱቅ ሂዱ። ጎመን ኮላርድ ግሪንስ በሚል ስም በየግሮሰሪው አለ። መደርደሪያው ላይ ከትልቁ ዋጋ አጠገብ በደቃቁ የሚጻፈውን የአንድ ፓውንድ ወይም የአንድ አውንስ ዋጋ አንብቡ፤ «ሴል» (ቅናሽ) የሚለውን ቢጫ ወረቀት አይቶ ብቻ የሚያነሳ ሰው ያናድደኛል። ማሸጊያው ላይ «ቤስት ባይ» እና «ሴል ባይ» የሚሉት ቀኖች ደግሞ በአብዛኛው ስለ ጥራት እንጂ ምግቡ መርዝ ስለሚሆንበት ቀን አይናገሩም። የሕፃናት ፎርሙላ ግን ልዩ ነው፣ ቀኑ ካለፈ አትስጡ።

እንጀራ። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ አትክተቱ፣ ያልበዋል፣ ከዚያ ይሻግታል። ለሁለት ቀን የሚበቃችሁን አስቀርታችሁ ሌላውን በመሃል ወረቀት እያደረጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። የተረፈውን ሳይሻግት ቆራርሳችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ድርቆሽ ይሆናል። ሙቀቱ ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀመን።

ወጥ ውጭ አይደር። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቀመጥም፤ ሙቀቱ ከ90 ፋራናይት (32 ሴንቲግሬድ) ካለፈ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። «ጠዋት አንተከትከዋለሁ» የሚለው አይሠራም፣ አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ትልቁን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አትጎልቱት፤ መሃሉ ለሰዓታት ትኩስ ይቆያል። ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍሉት። የሆስፒታል ኢመርጀንሲ ቢል ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ይህን አንብቦ አይስቅም።

አሁን እኔን ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። ይህን ሳታነቡ አትሂዱ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታችን አንድ ጁላይ ላይ ከባድ ነጎድጓድና ንፋስ መጣና የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ማታ ጠፍቶ በማግስቱ ማታም አልመጣም። የልጆቹ ፉድ ስታምፕ (መንግሥት ገቢው ለሚያንስ ሰው በካርድ የሚሰጠው የምግብ ድጎማ) ገና መግባቱ ነበር፤ ዶሮው፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ሁሉም በአንድ ቀን የተገዛ ነው። ቤቱን ከሌሎች ጋር ነበር የምንጋራው። ታዲያ እያንዳንዱ ሰው በየግማሽ ሰዓቱ ፍሪጁን ከፍቶ «እስካሁን ቀዝቃዛ ነው?» እያለ በእጁ ይዳስሳል። መብራቱ ሲመጣ የዶሮው ደም ወጥቶ እስከ አትክልቱ መሳቢያ ወርዷል። ሁሉንም በጥቁር ከረጢት ጠርገን ጣልነው፣ ወሩን በሽሮ ዘለቅነው። በኋላ አንዲት ጎረቤት «ታዲያ አላመለከታችሁም?» ስትል ነው የነቃነው። የፉድ ስታምፑ ቢሮ ደወልን። ከረጅም ሙዚቃ በኋላ አንድ ድምፅ መጥቶ «ቀኑ አልፏል» አለን። ስለ ሌላው ሁሉ ገጽ በገጽ ደብዳቤ የሚልክ ቢሮ ይቺን አንድ መስመር ሊነግረን አልፈለገም።

ሕጉ እንዲህ ነው። በፉድ ስታምፕ የገዛችሁት ምግብ በመብራት መጥፋት፣ በጎርፍ ወይም በእሳት ከተበላሸ ይተካላችኋል። ግን ጉዳቱ በደረሰ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ፣ የተፈረመውንም ቅጽ ካሳወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ መመለስ። የሚተካው የጠፋው ያህል ነው፣ ቢበዛ የአንድ ወር። በኪሳችሁ ገንዘብ የተካፈላችሁት የቅርጫ ሥጋ አይገባበትም። ስለዚህ ከመጣላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ የመብራት ኩባንያው የላከውን ቴክስት አታጥፉ፣ የዚያኑ ቀን አሳውቁ። ኬዝ ወርከሩ (ፋይላችሁን የያዘው ሠራተኛ) ስልክ ካላነሳ ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ ቀን የተመታበት ደረሰኝ ተቀበሉ። «ደውዬ ነበር» ማለት እነሱ ዘንድ ምንም አይደለም።

መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ በሩን አትክፈቱ! ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ 24 ሰዓት። ስለዚህ ባዶ ቦታ ካለው ፍሪዘራችሁን በውሃ ጠርሙስ ሙሉት፣ አናቱን ግን አጉድሉለት፣ ውሃ ሲረጋ ያብጣል። መብራቱ ሲመጣ በረዶ ያልለቀቀው ሥጋ ተመልሶ ሊረጋ ይችላል፣ የቀለጠውና የሞቀው ይጣል። ከሌሎች ጋር የምትኖሩ ከሆነ ይህን ፍሪጁ በር ላይ በአማርኛ ጽፋችሁ ለጥፉ።

ፉድ ስታምፕ ይገባናል ወይ ለሚለው፣ የጎረቤት ወሬ አትከተሉ። በዲቪ የመጣ አዋቂ በአብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃል፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቹ ግን አይጠብቁም፤ ይህን ሳያውቅ ዓመታት ያሳለፈ ስንቱን አይቻለሁ። አሳይለም (ጥገኝነት) ላይ ላሉ የ2025ቱ ሕግ አጥብቦታል፣ ግሪን ካርድ ያልያዘ ይገባኛል ብሎ ከመቁጠሩ በፊት ይጠይቅ። እርጉዝ ወይም ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ዊክ (ለእናቶችና ለትንንሽ ልጆች የሚሰጥ የምግብ እርዳታ) ጠይቁ። የፉድ ስታምፕ ካርዱ ያላችሁ ደግሞ ፋርመርስ ማርኬት (ገበሬዎች ራሳቸው የሚሸጡበት ገበያ) ስትሄዱ መግቢያው አካባቢ ያለውን የመረጃ ጠረጴዛ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ በካርዱ ያወጣችሁትን ያህል ለአትክልትና ፍራፍሬ ይጨምሩላችኋል። ሊዘጋ ሲል ሂዱ፣ ሻጩ ቲማቲሙን ይዞ መመለስ አይፈልግም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጆች ምሳ እናንተ ላይ እንደሚወድቅ አስቡ። በየሰፈሩ፣ በላይብረሪና በፓርክ፣ 18 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ ምሳ በነፃ የሚሰጥባቸው ቦታዎች አሉ። ለማንኛውም ልጅ ክፍት በሆኑት ቦታዎች መታወቂያም ወረቀትም አይጠየቅም፣ ምዝገባም የለም። 211 (የእርዳታ መረጃ የሚሰጥ ስልክ) ደውላችሁ የቅርቡን ጠይቁ። በዚህ ላይ ፕሮግራሙን በተቀበሉት ስቴቶች ውስጥ መስፈርቱን ለሚያሟላ ልጅ ለሰመር 120 ዶላር በካርድ ይላካል፤ ሰን ባክስ ይሉታል። ፖስታው ማስታወቂያ ስለሚመስል ሳትከፍቱ እንዳትጥሉት። አድራሻ ቀይራችሁ ለትምህርት ቤቱ ካልነገራችሁ ደግሞ ካርዱ የድሮው ቤት ሄዶ ይቀራል፣ ከዚያ እኔ ጋ አትደውሉ።

እና ስለ ጌታ፣ ያ የታሸገ ውሃ በካርቶን መጫን ይቅርባችሁ። የከተማችሁ ውሃ ችግር እንዳለበት ማስጠንቀቂያ ካልወጣ የቧንቧው ይጠጣል። ማታ በጆግ ሞልታችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ ጣዕሙ ካልተስማማችሁ ሎሚ ጣል አድርጉበት።