ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በብሪታንያ መንጃ ፈቃዱን እንዴት ያድሳል?

በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ የሚታየው መቀመጫውን በስዋንዚ ከተማ ባደረገው ዲቪኤልኤ በተባለው መሥሪያ ቤት ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ኢንሱሊን ለሚወስድ አሽከርካሪ የሚሰጠው የመኪናና የሞተር ብስክሌት ፈቃድ ለ1፣ ለ2 ወይም ለ3 ዓመት ብቻ የሚያገለግል በመሆኑ፣ ሌላው ሰው ፎቶውን ለመቀየር በየ10 ዓመቱ የሚያደርገውን እድሳት የስኳር ሕመምተኛው በጥቂት ዓመታት ልዩነት፣ የጤና መጠይቅ እየሞላ ማከናወን ይኖርበታል። በዚህም ምክንያት ቅጹ በመጣ ቁጥር ፈቃዳቸውን የሚነጠቁ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ፤ ከዚያም አልፎ ሕመሙን ጭራሽ ሳያሳውቅ የሚነዳ ሰው አይጠፋም። ሆኖም ኢንሱሊን መውሰድ በራሱ መንጃ ፈቃድ አያስከለክልም። መሥሪያ ቤቱ ማወቅ የሚፈልገው ስኳርዎ ሲወርድ ምልክቱ በጊዜ የሚታወቅዎት መሆኑንና ከመንዳትዎ በፊት የመለካት ልማድ ያለዎት መሆኑን ነው።

እስካሁን ያላሳወቁ ከሆነ መጀመር የሚገባዎ ከማሳወቁ ነው። ኢንሱሊን የጀመረ አሽከርካሪ ለዲቪኤልኤ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ይህን ያላደረገ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ፣ አደጋ ከደረሰም ሊከሰስ ይችላል። ኢንሱሊኑ ከ3 ወር ላነሰ ጊዜ ብቻ የታዘዘ ከሆነ፣ ለምሳሌ በእርግዝና ምክንያት ተጀምሮ ከወሊድ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የሚቆም ከሆነ፣ ስኳር በብርቱ የመውረድ ችግር እስካልገጠመ ድረስ ማሳወቅ አያስፈልግም።

የፈቃዱ ዘመን ሊያበቃ 90 ቀን ያህል ሲቀረው የእድሳት ደብዳቤ በፖስታ ይላክልዎታል። ደብዳቤው የሚሄደው በመዝገብ ወዳለው አድራሻ ስለሆነ ቤት ከቀየሩ አድራሻዎን አስቀድመው ያስተካክሉ፤ የአድራሻ ለውጥ አለማሳወቅም ራሱን የቻለ ቅጣት አለው። እድሳቱን በኢንተርኔት ወይም በፖስታ መፈጸም ይቻላል። በኢንተርኔት ከሆነ በመንግሥት ድረ ገጽ፣ ማለትም በጎቭ ዶት ዩኬ በኩል ብቻ ይግቡ። ለጤና ምክንያት በአጭር ጊዜ የተገደበ ፈቃድ ማደስ በነጻ ነው፤ ስለዚህ በዚህ አገልግሎት ስም ክፍያ የሚጠይቅዎ ገጽ ካጋጠመዎት የመንግሥት አለመሆኑን ይወቁና ይውጡ።

ቅጹን ከመክፈትዎ በፊት የመንጃ ፈቃድዎን ቁጥር፣ ያለፉትን 3 ዓመታት አድራሻዎች፣ የጂፒዎን (የተመዘገቡበት የአካባቢ ሐኪም) እና ክትትል የሚያደርግልዎትን የስኳር ክሊኒክ ስምና አድራሻ፣ እንዲሁም የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ያዘጋጁ። ለስኳር ሕመምተኞች የተዘጋጀው መጠይቅ ዲያብ 1 ይባላል። በመጠይቁ ላይ ዲቪኤልኤ ሐኪምዎን እንዲጠይቅ ፈቃድ ይሰጣሉ። እርስዎ የጻፉትና ሐኪሙ የሚመልሰው ካልተጣጣመ ጉዳዩ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ከመሙላትዎ በፊት ወደ ክሊኒክዎ ጎራ ብለው በመዝገብዎ ላይ ምን እንደተጻፈ መጠየቅ እንደ እኔ ግምት ከሁሉም የሚጠቅመው ዝግጅት ነው። እንግሊዝኛ የሚከብድዎት ከሆነ ለሕክምና ቀጠሮዎ አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ፤ የመንግሥት ጤና አገልግሎት የሆነው ኤንኤችኤስ ያለ ክፍያ ያቀርባል። ልጅን ወይም ዘመድን ለዚህ ማሰለፍ የተለመደ ቢሆንም፣ ስኳር ወርዶ ራስን ስለመሳት በልጅ ፊት ግልጽ አድርጎ መናገር ለብዙ ወላጅ ይከብዳል።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ባለፉት 12 ወራት ስኳር በብርቱ ወርዶብዎት እንደሆነ የሚጠይቀው ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ አልፎ አልፎ መውረዱ የማይቀር ነው፤ ላብ ላብ ብሎት፣ እጁ ተንቀጥቅጦ፣ ጁስ ጠጥቶ ወይም ከረሜላ በልቶ ራሱን ካስተካከለ ይህ በመጠይቁ አነጋገር እንደ ብርቱ አይቆጠርም። ብርቱ የሚባለው ራስዎን መርዳት ተስኖዎት ሌላ ሰው ማር ያላሰዎት፣ መርፌ የወጋዎት ወይም አምቡላንስ የጠራልዎት ሲሆን ነው። ባለቤትዎ አዝና ጁስ ስላቀበለችዎ ብቻ፣ ራስዎ ተነስተው ማምጣት ይችሉ ከነበረ፣ ብርቱ አይሆንም። ለመኪናና ለሞተር ብስክሌት ፈቃድ በእንቅልፍ ላይ እያሉ የደረሰው አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ነቅተው ሳሉ የደረሰው ነው። በ12 ወራት ውስጥ ነቅተው ሳሉ ከአንድ ጊዜ በላይ ከደረሰብዎት መንዳት አቁመው ማሳወቅ አለብዎት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነም ከደረሰ ከ3 ወር በላይ ማለፍ ይኖርበታል። ከዚህ በተጨማሪ የስኳር መውረድ ምልክት ጭራሽ የማይሰማዎት ከሆነ፣ አንድም ቀን ራስዎን ባይስቱ እንኳ፣ መንዳት አይፈቀድልዎትም። ለረጅም ዓመታት ኢንሱሊን በወሰዱ ሰዎች ላይ ምልክቱ እየደበዘዘ መሄዱ የታወቀ ነገር ስለሆነ ይህን ከሐኪምዎ ጋር በግልጽ ይነጋገሩበት፤ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን በማስተካከል ምልክቱ እንዲመለስ ሊረዳዎ ይችላል። የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ ውጤት ከፍ ማለቱ ብቻ ግን ፈቃድ የሚያስከለክል መስፈርት ውስጥ አልተቀመጠም። ውጤቱ እንዳይታይ ብሎ ክትትሉን ማቋረጥ ትርፉ ጉዳት ነው፤ መደበኛ የሕክምና ክትትል ራሱ ከመስፈርቶቹ አንዱ ነውና።

መለካትን በተመለከተ ደንቡ ግልጽ ነው። ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ፣ ጉዞው ረጅም ከሆነም በየ2 ሰዓቱ መለካት ይኖርብዎታል። ውጤቱ 5 ሚሊሞል በሊትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከመንዳትዎ በፊት መክሰስ ይብሉ፤ ከ4 በታች ከሆነ ወይም ስኳር የወረደ ከመሰለዎት አይንዱ። እዚህ ላይ ከኢትዮጵያ ወይም ከአሜሪካ በመጣ መለኪያ የሚጠቀም ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። እነዚያ መለኪያዎች የሚያሳዩት በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን፣ የብሪታንያውን ቁጥር በ18 በማባዛት ይገኛል፤ 5 የተባለው 90፣ 4 የተባለው ደግሞ 72 ይሆናል። ለመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ግን እዚሁ የታዘዘልዎትን መለኪያ ቢጠቀሙ ይሻላል፤ ሐኪሙም ሆነ ዲቪኤልኤ የሚያነቡት በዚያ ቁጥር ነው።

ክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳርን የሚለካውን ሴንሰር ከ2019 ጀምሮ የመኪናና የሞተር ብስክሌት አሽከርካሪዎች መጠቀም ይችላሉ። ይሁን እንጂ ጣት የሚወጋውን መለኪያም መኪናው ውስጥ መያዝ ግዴታ ነው፤ ሴንሰሩ ዝቅተኛ ቁጥር ካሳየ፣ ወይም የሚሰማዎት ስሜትና ቁጥሩ ካልተስማሙ፣ በጣት ደም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እየነዱ ስልክ አንስቶ ሴንሰሩን ማንበብ ደግሞ በሌላ ሕግ ያስቀጣል።

እየነዱ ሳለ ስኳርዎ ከወረደ መኪናውን ደኅንነቱ በተጠበቀ ቦታ ያቁሙ፣ ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ይንቀሉ፣ ከሾፌር መቀመጫም ይነሱ። ፈጥኖ የሚሠራ ጣፋጭ ነገር ከወሰዱ በኋላ ስኳሩ ወደ ጤናማው መጠን ከተመለሰ 45 ደቂቃ ሳያልፍ መንዳት አይገባም። ግሉኮስ ወይም ጁስ ከመኪናው እንዳይጠፋ የሚባለውም ለዚሁ ነው።

የእኛ ሰው በጾም ወራት ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳንም እስከ ማታ ሳይበላ የሚውል ኢንሱሊን ወሳጅ ስኳሩ ሊወርድ የሚችለው ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ፣ ምናልባትም ከሥራ ወደ ቤት በሚነዳበት ሰዓት ነው። መጾም ከፈለጉ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የኢንሱሊኑን መጠን ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ፣ የንስሐ አባትዎን ወይም ኢማምዎን ያማክሩ፣ በጾም ቀንም ሳይለኩ መሪ አይጨብጡ።

የዓይን ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። የመኪና ሰሌዳ በ20 ሜትር ርቀት፣ ካስፈለገም በመነጽር፣ ማንበብ መቻል አለብዎት። የስኳር ሕመም ሁለቱንም ዓይኖች ጎድቶ የሌዘር ሕክምና ካደረጉ ይህንንም ያሳውቁ፤ የእይታ ስፋት ምርመራ ሊታዘዝልዎት ይችላል።

ማመልከቻው ገብቶ መልሱ ሳይመጣ የፈቃዱ ዘመን ቢያልፍስ? በ1988 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ 88ኛ አንቀጽ መንዳትዎን እንዲቀጥሉ ሊፈቅድልዎ ይችላል። ለዚህም ማመልከቻው ለዲቪኤልኤ መድረሱ፣ ሐኪምዎ ለመንዳት ብቁ ነዎት ማለቱ፣ እንዲሁም ቀደም ያለው ፈቃድዎ በጤና ምክንያት ያልተሰረዘ መሆኑ ያስፈልጋል። የሐኪሙን ቃል በጽሑፍ ቢይዙት መልካም ነው፤ አሠሪ ወይም መድን ድርጅት ቢጠይቅዎ ያሳዩታል። የመድን ድርጅቱ ስለ ጤናዎ ለሚያቀርበው ጥያቄም እውነተኛውን ይመልሱ።

እስካሁን የተነገረው የግል መኪናን ይመለከታል። በለንደን ሚኒካብ (በቀጠሮ የሚጠራ ታክሲ) ወይም ኡበር የሚሠራ ሰው ግን በከተማዋ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚመዘነው ለአውቶቡስና ለጭነት መኪና ሾፌሮች በወጣው ጠንካራ መስፈርት ነው። በዚህ መስፈርት በ12 ወራት ውስጥ አንድም ጊዜ ብርቱ የስኳር መውረድ መከሰት የለበትም፤ መንዳት በሌለበት ቀን እንኳ ቢያንስ በቀን ሁለት ጊዜ መለካት ያስፈልጋል፤ በየዓመቱም የስኳር ሕመም ስፔሻሊስት መዝገቡን ይመረምራል። ስለዚህ ውጤት የሚያስቀምጥ መለኪያ ይጠቀሙ፤ ቀኑና ሰዓቱ ትክክል መሆኑንም ያረጋግጡ።

ማመልከቻዎ ውድቅ ቢደረግ ወይም ፈቃዱ ቢሰረዝ ወዲያውኑ መንዳት ያቁሙና ደብዳቤው የጠቀሰውን ምክንያት ለሐኪምዎ ያሳዩ። መሥሪያ ቤቱ ያላየው አዲስ የሕክምና ማስረጃ ካለ መጀመሪያ እሱኑ መላክ ይቀላል። ደብዳቤው የመቆያ ጊዜ ከወሰነ ጊዜው ሊያበቃ 8 ሳምንት ሲቀረው እንደገና ማመልከት ይችላሉ። ውሳኔው ስህተት ነው የሚል አቋም ካለዎት በእንግሊዝና በዌልስ በ6 ወር፣ በስኮትላንድ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል። ስኳርዎ በተደጋጋሚ እየወረደ ሐኪምዎ ለጊዜው መንዳት እንዲያቆሙ ከመከረዎት ደግሞ እስኪሰረዝ ከመጠበቅ ፈቃዱን በገዛ እጅ መመለስ ይሻላል፤ በፈቃደኝነት የመለሰ ሰው ጤናው ተስተካክሎ ዳግም ሲያመለክት፣ የ88ኛው አንቀጽ መስፈርቶች ከተሟሉለት፣ መልሱን እየጠበቀ መንዳት ሊፈቀድለት ይችላል።