ከሙሌት በፊት፦ በድሬዳዋ ሳይቶች በአርማታ ብረት ሥራ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በሳቢያንም ሆነ በሌሎቹ የድሬዳዋ ማስፋፊያ ሰፈሮች ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ አርማታ ብረት ሲጨነቅ የሚጨነቀው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ብዛቱ ነው። ስንት ቤርጋ (አንድ ዘንግ ብረት) ገባ፣ ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ፣ ስንቱስ ጠፋ ብሎ ይቆጥራል። የብረት ዋጋ ባለበት ሁኔታ መቁጠሩ አይፈረድበትም። ሆኖም ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው፤ ስበትን የመቋቋም ዐቅሙ ጫናን ከሚቋቋምበት አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ብረት የሚገባው ይህ ስበት በሚፈጠርበት ቦታ ላይ ነው። ብረቱ ከዚያ ቦታ ጥቂት ሳንቲሜትር ከራቀ፣ ጫፉ በሚገባ ካልታጠፈ ወይም ከሌላው ብረት ጋር በቂ ርዝመት ካልተደራረበ፣ ቤርጋው በቁጥር ገብቶ በሥራ ግን እንዳልገባ ይሆናል።

ድሬዳዋ ደግሞ ይህን በቸልታ የምታልፍበት ቦታ ላይ አልተሠራችም። ከተማዋ የምትገኘው ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ሥር ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴንና ካራ ቆሬን፣ በ1961 ዓ.ም. ሰርዶን የመታው ርዕደ መሬት፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለወራት የቀጠለው መንቀጥቀጥ የዚሁ የስምጥ ሸለቆ ሥርዓት ሥራዎች ናቸው። ከታች ከተዘረዘሩት ስህተቶች ብዙዎቹ በደህናው ጊዜ ምንም ሳይታዩ ለዓመታት ይኖራሉ፤ የሚጋለጡት መሬት የተንቀጠቀጠ ዕለት ነው።

ከአንድ ቤርጋ ብዙ ስታፋ ማውጣት

በእኔ ግምት በመኖሪያ ቤት ሥራ ላይ ከሁሉም ይልቅ የተለመደውና ከሁሉም ይልቅ የሚጎዳው ስህተት ይህ ስለሆነ በስሌት ማየቱ ይጠቅማል። ስታፋ ቋሚዎቹን ብረቶች ከዙሪያቸው አቅፎ የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው። 30 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) እንውሰድ። በየጎኑ 2.5 ሳንቲሜትር የኮንክሪት ሽፋን ሲቀነስ የስታፋው የውጭ ስፋት 25 በ25 ይሆናል። በባለ 8 ሚሊሜትር ብረት ሲሠራ ሁለቱ ጫፎች ወደ ኮለኑ መሐል 135 ዲግሪ መታጠፍ አለባቸው፤ ከእጥፋቱ በኋላ የሚቀረው ቀጥ ያለ ጭራም የብረቱን ውፍረት አሥር እጥፍ፣ ማለትም 8 ሳንቲሜትር መሆን ይኖርበታል። የእጥፋቶቹ ኩርባ ታስቦ ሲደመር አንድ ስታፋ ወደ 1.16 ሜትር ብረት ይፈልጋል። ስለዚህ 12 ሜትር ከሆነው ቤርጋ የሚወጣው 10 ስታፋ ሲሆን 40 ሳንቲሜትር ያህል ቁራጭ ይተርፋል።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ሌላ ነው። ቁራጩ ያሳዝንና ከቤርጋው 11 ይቆረጣል፤ ያኔ አንዱ 1.09 ሜትር ይሆንና ጭራው ከ5 ሳንቲሜትር በታች ይወርዳል። 12 ከተቆረጠ አንዱ ስታፋ ድፍን አንድ ሜትር ነው፤ ዙሪያውን ከዞረ በኋላ ለጫፉ እጥፋት የሚተርፍ ነገር ስለሌለ ፌራዮው (የብረት ሠራተኛው) ጫፎቹን 90 ዲግሪ ቆልመም አድርጎ በሽቦ ያስራቸዋል። ከውጭ ሲታይ ስታፋው ስታፋ ነው፤ ቁጥሩም ሞልቷል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን መጀመሪያ የሚረግፈው የኮለኑ የውጭ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ከሄደ 90 ዲግሪ የታጠፈውን ጫፍ የሚይዘው አካል ስለማይኖር ስታፋው ይከፈታል፣ ቋሚዎቹ ብረቶች ወደ ውጭ ይጎብጣሉ፣ የኮለኑም እምብርት ይፈርሳል። 135 ዲግሪ የታጠፈ ጫፍ ግን በእምብርቱ ኮንክሪት ውስጥ ተነክሶ ይቀራል። ባለቤቱ በስታፋ ሥራ ላይ አንድ ነገር ብቻ መለካት ከቻለ ይህንን ጭራ ይለካ፤ ሜትር እንኳ ባይኖረው አራት ጣቱን አጋጥሞ ሊገምተው ይችላል፤ የአራት ጣት ስፋት ካልሞላ አጭር ነው።

ጫፎቹ የሚጋጠሙበት ማዕዘንም ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር መደርደር የለበትም። አንዱ ስታፋ እዚህኛው ማዕዘን ላይ ከተዘጋ ቀጣዩ በሌላው ላይ ይዘጋ።

በጠባቡ ማጠፍ፣ መልሶ ማቅናት፣ በእሳት ማለስለስ

በየሳይቱ የሚታየው የማጠፊያ ጠረጴዛ አንድ ወፍራም ሳንቃና ሁለት ሦስት የተተከሉ የብረት ቁራጮች ናቸው። በዚህ ነውር የለም። ስህተቱ ለ8ም፣ ለ12ም፣ ለ20ም ያንኑ አንድ ቀጭን ቁራጭ መጠቀም ነው። እስከ 16 ሚሊሜትር ላለው ብረት የሚታጠፍበት ፒን ቢያንስ የብረቱን ውፍረት አራት እጥፍ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ ሰባት እጥፍ መሆን አለበት። በዚህ መሠረት ባለ 12 ብረት በ48 ሚሊሜትር፣ ባለ 20 ብረት በ140 ሚሊሜትር ፒን ላይ ይታጠፋል። ከዚያ በጠበበ ፒን የታጠፈ ብረት በውጭ ጎኑ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል፤ በውስጥ ጎኑም ሥራ ሲጀምር ኮንክሪቱን እንደ ቢላ ይጫነዋል። ወፍራም የቧንቧ ቁራጭ ፒኑ ላይ ማጥለቅ ብቻ ችግሩን ይፈታል።

ሌላው እጥፋት ሳይት ሳይደርስ የሚፈጸም ነው። 12 ሜትሩ ቤርጋ በኢሱዙ ላይ ስለማይመች መካከሉ ላይ ለሁለት ታጥፎ ይጫናል፤ ሳይት ሲደርስ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይቃናል። ያ ቦታ አንዴ በጠባቡ ታጥፎ አንዴ ተመልሶ የተቃና ስለሆነ ከሌላው የብረቱ ክፍል ጋር እኩል ሊታመን አይችልም፤ ስለዚህ በቢም (በአግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) መካከል ወይም በኮለን ግርጌ ሊውል አይገባም። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ቤርጋውን ሻጩ ዘንድ በሚፈለገው ርዝመት ማስቆረጥ፣ ይህ ካልተቻለም የታጠፈውን ክፍል ቆርጦ ጭነት ለማይሸከም ጥቃቅን ሥራ ማዋል ነው።

ከሶሌታ (ከኮንክሪት ወለሉ) ወጥተው ለቀጣዩ ፎቅ የሚጠብቁት የኮለን ጫፎች ከመስመራቸው ወጥተው ሲገኙም ተመሳሳይ ጥፋት ይፈጸማል። ሠራተኛው ቧንቧ ያጠልቅባቸውና ከሥራቸው ቀልብሶ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ መልሶ ያቃናቸዋል። ብረቱ ትንሽ ብቻ ከወጣ ማዘንበሉ ከ1 ለ6 ያልበለጠ መሆን አለበት፤ ማለትም 5 ሳንቲሜትር ለመመለስ 30 ሳንቲሜትር ቁመት ያስፈልጋል፤ በሚያዘነብልበት ቦታም ተጨማሪ ስታፋ ይገባል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳዩ የፎርማን ሳይሆን የኢንጂነሩ ነው። ብረቱ እንቢ ሲል በጋዝ አግሎ ማጠፍ ደግሞ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ዛሬ የምንገዛው ባለ ጥርስ ብረት በብዛት ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካው ውስጥ እንደጋለ በውሃ በመቀዝቀዙ ነው፤ እንደገና እስኪቀላ ከጋለ ያ የጠነከረ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ግሬዱም (የጥንካሬ ደረጃውም) በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ኮለንና ቢም የሚገናኙበትን ቦታ ባዶ መተው

ስታፋዎች ከታች እስከ ላይ በእኩል ርቀት መደርደራቸው ለዓይን ያምራል፤ ሆኖም ኮለን ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው ግርጌውና ራሱ ላይ ነው። ቋሚዎቹ ብረቶች ባለ 14 ከሆኑ፣ በ3 ሜትር ኮለን ላይ ከታችና ከላይ ባለው 50 ሳንቲሜትር ውስጥ የስታፋዎቹ ርቀት ከ11 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም፤ የቋሚው ውፍረት ስምንት እጥፍ የሚለው ደንብ እዚህ የሚያደርሰን ነው። መካከሉ ላይ በዲዛይኑ መሠረት ሊሰፋ ይችላል።

ከዚህም የከፋው ኮለኑና ቢሙ በሚተላለፉበት ቦታ አንድም ስታፋ አለመግባቱ ነው። የዚህ ምክንያት ስንፍና ብቻ አይደለም። የሁለት አቅጣጫ ቢሞች ብረት ከወረደ በኋላ እዚያ ጣት እንኳ አይገባም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መስተካከል አለበት፤ የመገናኛው ስታፋዎች ተቆጥረው አስቀድመው በኮለኑ ብረት ላይ ይጠለቃሉ፣ የቢሙ ብረት በመካከላቸው ያልፋል፣ ከዚያ እያንዳንዳቸው ወደ ቦታቸው ተስበው ይታሰራሉ። ይህን ዓይነቱን አስቸጋሪ ሥራ ጠዋት መጨረስ ይመከራል። ከበርጫ በፊት የታሰረውና ከበርጫ በኋላ የታሰረው አንዳንዴ በዓይን ይለያል፤ ለምን እንደሆነ የድሬ ሰው ማስረዳት አይፈልግም።

ለሁሉም ብረት አንድ ዓይነት ድርብርብ

ብረት ከብረት ጋር የሚቀጠለው በሽቦው ሳይሆን በመካከላቸው ባለው ኮንክሪት ነው፤ ስለዚህ የሚደራረቡበት ርዝመት ከውፍረታቸው ጋር ያድጋል። በአንዳንድ ሳይት ለባለ 10ም ለባለ 20ም "50 ሳንቲ ይበቃል" ተብሎ ይታለፋል። ለ500 ግሬድ ብረትና ሲ25/30 ለሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ኮንክሪት መነሻው የብረቱ ውፍረት 40 እጥፍ ነው። ሁሉም ብረቶች አንድ ቦታ ላይ ከተቀጠሉ ይህ በአንድ ተኩል ተባዝቶ 60 እጥፍ ይደርሳል። ለባለ 14 ብረት የመጀመሪያው 56፣ ሁለተኛው 84 ሳንቲሜትር ማለት ነው፤ ለባለ 20 ደግሞ 80 ሳንቲሜትርና 1.20 ሜትር። ቅጥሎቹን አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ እያደረጉ ማፈራረቅ ብረትም ይቆጥባል፣ ሥራውንም ያጠነክራል። በኮለን ላይ ከተቻለ ቅጥሉ ወደ ቁመቱ አጋማሽ ቢሆን ይመረጣል፤ ከሶሌታው ወለል ላይ መጀመር የተለመደው ለሥራ ስለሚቀል ብቻ ነው።

ብረቱን በጠጠር ላይ ማስቀመጥ፣ የበረንዳውን ብረት መርገጥ

ከደቻቱ ወንዝ የተለቀመ ለስላሳ ጠጠር፣ የሴራሚክ ስባሪ፣ የብረት ቁራጭ፦ እነዚህ ሁሉ በስፔሰር (ብረቱን ከፍ አድርጎ የሽፋኑን ልክ በሚጠብቀው ድጋፍ) ፈንታ ከብረት ሥር ሲገቡ ይታያሉ። ጠጠሩ ቫይብሬተር ሲሠራ ይንከባለልና ብረቱ ፎርምወርኩ (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ) ላይ ይተኛል። ሴራሚኩ በለስላሳ ጎኑ ከኮንክሪት ጋር አይያያዝም። የብረት ቁራጩ ደግሞ ጫፉ ከውጭ ስለሚቀር ዝገትን ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ይሆናል። ስፔሰር እዚያው ሳይት ላይ ከታጠበ አሸዋና ከሲሚንቶ፣ ማሰሪያ ሽቦ ተቀብሮበት ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ቀድሞ ተሠርቶ ለቀናት ውሃ መጠጣት አለበት። ለሶሌታ 2፣ ለመሠረት ደግሞ በሊን ኮንክሪት (መሬቱ ላይ አስቀድሞ በሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት) ላይ 5 ሳንቲሜትር የተለመደ ሽፋን ነው፤ ትክክለኛውን ልክ ግን ዲዛይኑ ይወስናል።

በድሬዳዋ ሙቀት ሰፊ በረንዳ የማይወድ ባለቤት የለም፤ ስለዚህም ይህ ስህተት እዚህ ከሌላው ከተማ ይልቅ ያሳስባል። ከግድግዳ ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳ የሚሳበው በላይኛው ፊቱ በኩል ስለሆነ ዋናው ብረት ከላይ ነው የሚሆነው። በሙሌት ቀን ባሬላ የተሸከሙ ሠራተኞች በዚያ ብረት ላይ ይመላለሳሉ፣ ብረቱም እየወረደ እየወረደ መካከል ላይ ይደርሳል። 15 ሳንቲሜትር ውፍረት ባለው ሶሌታ ላይ ባለ 10 ብረት በቦታው ሲሆን ከታችኛው ፊት 12.5 ሳንቲሜትር ይርቃል። 4 ሳንቲሜትር ብቻ ቢወርድ ርቀቱ 8.5 ይሆንና በረንዳው የመሸከም ዐቅሙን አንድ ሦስተኛ ገደማ ያጣል። ይህ ሲነገር የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ "አቦ ጋሼ፣ ሲሚንቶው ይይዘዋል!" ሲሚንቶው ግን የሚይዘው ብረቱ ባለበት ቦታ ነው፤ ከወረደበት አያነሣውም። ከቁራጭ ብረት የታጠፉ መቆሚያዎች በየሜትሩ ወይም ከዚያ ቀረብ ብለው ከላይኛው ብረት ሥር መቆም አለባቸው፤ ለመመላለሻም ብረቱን የማይነካ ሳንቃ ይዘረጋ። ከስታፋ የተረፉት 40 ሳንቲሜትር ቁራጮች ለእነዚህ መቆሚያዎች ይውላሉ። በሙሌቱ ጊዜ አንድ ፌራዮ ፒንሳውን ይዞ ከኮንክሪቱ ፊት ፊት እየሄደ የወረደውን ማንሣት አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ግን ፌራዮዎቹ ሥራችን አልቋል ብለው በዚያ ቀን ሳይት ላይ አይገኙም።

ዘይት፣ ዝገትና ፀሐይ

የተቃጠለ ዘይት ፎርምወርኩ ላይ የሚቀባው ብረቱ ከመዘርጋቱ በፊት ነው፤ በኋላ ከተቀባ ብረቱንም ስለሚነካ ኮንክሪቱ አይጨብጠውም። ስስ ቀይ ዝገት አያስፈራም። በጣት ሲፈቀፍቁት በቅርፊት የሚነሣው ግን በሽቦ ብሩሽ መጽዳት አለበት። የማሰሪያው ሽቦ ጭራም ወደ ውስጥ ይመለስ፤ ወደ ውጭ ከቀረ ከልስኑ ላይ የዝገት ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት በእጅ አይነካም። በዚያ ላይ የሚፈስ ኮንክሪት ብረቱን በነካበት ቦታ ውሃውን ቶሎ ያጣል። ሙሌቱ በማለዳ ቢጀመር፣ ይህ ካልሆነም ብረቱና ፎርምወርኩ አስቀድሞ በውሃ ቢረጭና የቆመው ውሃ ከኮለኑ ግርጌ ቢወገድ ይበጃል።

ወደፊት ፎቅ ይጨመራል ተብሎ ከጣሪያ ላይ ለዓመታት የሚተዉት የኮለን ጫፎችም አሉ። እነዚህን በሲሚንቶ ወጥ ቀብቶ ወይም በቀላሉ በሚፈርስ ኮንክሪት ሸፍኖ ማቆየት ይቻላል። ሳይሸፈኑ ከቆዩ ሥራው በሚቀጥልበት ጊዜ ዝገቱ ተፍቆ የቀረው ውፍረት በካሊፐር ይለካል። ባለ 16 ሆኖ የገባው 14 ሆኖ ከተገኘ ከብረቱ ሩብ ያህሉ ሄዷልና፣ አዲሱ ፎቅ ከመጀመሩ በፊት ኢንጂነሩ ሌላ መፍትሔ ያቅርብ።