ለሆስፒታል ስንለግስ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በበዓል ሰሞን ብቻ መስጠት። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ለፋሲካ፣ ወይም የአንድ የታመመ ሕፃን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ሲዞር እጃችን ይፈታል። ከዚያ ዝም። ሆስፒታል ግን ጓንት፣ የስፌት ክርና ኦክስጅን የሚጨርሰው በየቀኑ ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለውን የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ውሰዱ። ሕክምናው በነጻ ነው፤ ለቀዶ ጥገናው የሚያስፈልገው አላቂ ዕቃ ግን በአብዛኛው ከውጭ በዶላር ይገዛል። ዕቃው ሲያልቅ ሐኪሙም አልጋውም እያሉ ሕፃኑ ወረፋ ይጠብቃል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ከሚሰጥ 6,000 ብር በየወሩ የሚገባ 500 ብር ይሻላል። ግዢ ክፍሉ ተማምኖ ያዝዝበታል። ለዕድር የምንከፍለው ሰው እስኪሞት ጠብቀን አይደለም እኮ! በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ዳያስፖራው በቀን 1 ዶላር እንዲያዋጣ ሲጠይቁም ሐሳቡ ይኸው ነበር።

ሳይጠይቁ ማሽን መላክ። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ይሄ በተለይ ለእናንተ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ለዚያ ብቻ የተሠራ ማሽን እዚህ እንዲሁ ከተሰካ ይቃጠላል። ብዙ የላብራቶሪ ማሽኖች ደግሞ የራሳቸው ኩባንያ ካመረተው ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ሌላ አይቀበሉም። ያንን የሚያስመጣ ከሌለ ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይይዛል። ከመግዛታችሁ በፊት የሆስፒታሉን የባዮሜዲካል ባለሙያ፣ ማለትም የሕክምና ማሽኖችን የሚጠግነውን ሰው፣ አናግሩ። «ምን ተበላሽቶባችሁ ቆሟል?» በሉት። አንዳንዴ የሚፈልገው ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ሴንሰር ወይም የኦክስጅን ማሽን ማጣሪያ ነው።

የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍበት የደረሰ መድኃኒት መስጠት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለገስ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ 1 ዓመት ይቅረው ይላል። ቤት የተረፈ ክኒን በፍጹም አትስጡ።

«ገንዘቤ ለደመወዝ እንዳይውል» ማለት። ይሄ ከቅን ልብ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ግን ይጎዳል። ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በወሊድ ጉዳት ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸውን እናቶች በነጻ የሚያክመው በልገሳ ነው። አንዲት እናት ለመዳን ቀዶ ጥገናው ብቻ አይበቃትም። ሌሊት የምታያት ነርስ፣ ምግብ፣ የሚታጠብ አንሶላ፣ ወደ አገሯ መሳፈሪያ ያስፈልጋታል። ሆስፒታሉ የት እንደጎደለበት ያውቃል፤ እሱ ይመድበው። እናንተ ገንዘቡን በተቋሙ ሒሳብ እንጂ በግለሰብ ስም አታስገቡ። ደረሰኝ ያዙ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ጠይቁ።

ደም ዘመድ ሲታመም ብቻ መለገስ። ደም ተከማችቶ አይቆይም። ቀይ የደም ሴል ቢበዛ 6 ሳምንት ገደማ፣ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው ክፍል) 5 ቀን ያህል ብቻ ነው። የወለደች እናት ደም ሲፈስሳት ለጋሽ ፍለጋ የሚሮጥበት ጊዜ የለም። ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል። ሰጥታችሁ ስትወጡ የሚቀጥለውን ቀን እዚያው ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።