በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የተሸሸገ ማዕድንን በጅረት ደለል የመፈለግ መመሪያ

ከመሬት በታች የተሸሸገ የማዕድን ክምችት በዓይን ባይታይም፣ በዙሪያው ባለው ዐለት፣ በላዩ ባለው አፈርና ከዚያ ታጥቦ በሚወርደው የጅረት ደለል ውስጥ ኬሚካዊ አሻራ ይተዋል። ይህን አሻራ መከተል የሚጀመረው ግን የአካባቢውን ዐለት መደበኛ ይዘት ከማወቅ ነው፤ የደሴ አካባቢም ይህንን በሚገባ ያስተምራል። ከጦሳ እስከ ሐረጎ የምናየው ተራራ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የባዛልት ላቫ ሲሆን፣ ባዛልት በተፈጥሮው መዳብ፣ ኒኬልና ኮባልት ይበዛበታል። በግራናይት ውስጥ መዳብ ብዙውን ጊዜ ከ20 ግራም በቶን የማይበልጥ ሲሆን፣ በባዛልት ውስጥ ግን 100 ግራም በቶን ቢገኝ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ የላቦራቶሪው ቁጥር ከፍ ስላለ ብቻ ማዕድን ተገኘ ማለት አይቻልም።

ወደ መስክ ከመውጣት በፊት በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ማሟላትና የቀበሌውን አስተዳደርና የእርሻውን ባለቤቶች ማነጋገር ይገባል። ቀጥሎ ከከፍታ መረጃ የጅረቶችና የተፋሰሶች ካርታ ይሠራል። ከደሴ በስተ ምዕራብ ያሉ ጅረቶች ወደ ዓባይ፣ የቦርከና ወንዝ ደግሞ ወደ አዋሽ ስለሚወርዱ፣ የተፋሰሱ ወሰን በጥንቃቄ ካልተሰመረ ናሙናው የማን ደለል እንደሆነ አይታወቅም።

ለናሙና የሚመቸው ጊዜ የክረምቱ ጎርፍ አዲስ ደለል አምጥቶ ውኃው ከቀነሰ በኋላ፣ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ያለው ነው። ናሙናው ውኃው ከሚንቀሳቀስበት የጅረቱ አልጋ፣ ከትልልቅ ድንጋዮች ጀርባ ጥሩ ደለል ከተጠራቀመባቸው በርካታ ነጥቦች ይሰበሰብና አንድ ላይ ይቀላቀላል፤ ከዳር የተናደ አፈር እንዳይገባበት ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሁለት ጅረቶች ከሚገናኙበት ቦታና ከመንገድ ድልድይ ወደ ላይ ከፍ ብሎ መውሰድ የተሻለ ነው። ደለሉ በናይለን ወንፊት ከ180 ማይክሮን (0.18 ሚሊ ሜትር) በታች ያለው ተለይቶ በወረቀት ከረጢት ይያዛል። ናሙና የሚወስደው ሰው ቀለበቱን አስቀድሞ ያውልቅ፤ በዚንክ የተለበጠ ባልዲም አይጠቀም፤ ይህ ለብዙዎች ትንሽ ነገር ቢመስልም የዚንክንና የብርን ውጤት ያበላሻል። ሜርኩሪ የሚለካ ከሆነ ደግሞ ናሙናው በምድጃ ሙቀት ሳይሆን በጥላ ይደርቅ።

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ሲደረስ ጥንቃቄው ይጨምራል። ሜዳው ከተራሮቹ ታጥቦ በወረደ ደለል የተሸፈነ በመሆኑ፣ የላይኛው አፈር ከሥሩ ስላለው ዐለት የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽም ክሮሚየምንና ዚንክን ሊያበዛ ስለሚችል፣ ከፍሳሹ በላይና በታች ናሙና ወስዶ ሳያወዳድሩ በሜዳው ላይ መደምደም አይገባም።

ወደ ላቦራቶሪ በሚላክ በእያንዳንዱ 20 ናሙና ውስጥ አንድ የመስክ ድጋሚ (ከዚያው ቦታ ሁለተኛ ጊዜ የተወሰደ)፣ አንድ ይዘቱ የታወቀ ማመሳከሪያና አንድ ባዶ ናሙና (የሚፈለገው ንጥረ ነገር የሌለበት) ይጨመር። ድጋሚዎቹ እርስ በርሳቸው ካልተቀራረቡ፣ ምንም ዓይነት የኮምፒውተር ስሌት ሥራውን አያድነውም።

ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሮቹ ወደ ሎጋሪዝም ይቀየሩና በዐለት ዓይነት ተከፋፍለው ይመረመራሉ፤ መደበኛው ይዘት በአማካይ ሳይሆን ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ በሚውለው ቁጥር ቢወሰን ይሻላል፤ ጥቂት ግዙፍ ቁጥሮች አማካዩን ስለሚጎትቱት። ከዚያ የተፋሰሱ ስፋት ግምት ውስጥ ይገባል። ለምሳሌ ያህል መደበኛው የመዳብ ይዘት 90 ግራም በቶን ነው እንበል። 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ ያለው ጅረት 190፣ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ያለው ደግሞ 130 ቢያሳይ፣ ዓይን ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። ሆኖም ከመደበኛው በላይ ያለው ልዩነት በስፋቱ ሲባዛ የመጀመሪያው 200፣ ሁለተኛው 800 ይሆናል፤ ደካማ የመሰለው ምልክት በብዙ ተራ ደለል የተበረዘ ትልቅ ምንጭ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ጥልቀትን ለመገመት የንጥረ ነገሮቹ አቀማመጥ ይረዳል። በሙቅ ውኃ በተፈጠሩ ብዙ ክምችቶች ሜርኩሪ፣ አንቲሞኒና አርሴኒክ ከክምችቱ በላይ ርቀው ሲሰራጩ፣ ሞሊብዲነም፣ ቢስሙዝና ኮባልት ወደ ሥሩ ይበዛሉ። የላይኞቹ ይዘት እርስ በርሱ ተባዝቶ፣ እንዲሁ ለተባዛው የታችኞቹ ይዘት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ከፍ ካለ ክምችቱ ገና ከታች ሊኖር ይችላል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ የአፈር መሸርሸር አብዛኛውን ሳይወስደው አልቀረም። በባዛልት አገር ግን ኮባልትን አካፋይ ማድረግ ያሳስታል፤ ዐለቱ ራሱ ስለሚያበዛው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር መጀመሪያ በመደበኛው ይዘቱ ቢካፈል ስሕተቱ ይቀንሳል።

የተመረጠው ተፋሰስ ውስጥ ቀጥሎ የሚከናወነው ደለሉን እየተከተሉ ወደ ላይ መውጣት፣ ምልክቱ ከሚቋረጥበት በላይ ባለው ተዳፋት ላይ በመስመር የአፈር ናሙና መውሰድና የዐለት ስንጥቆችን በካርታ ማስፈር ነው። ውድ የሆነው ቁፋሮ የሚታሰበው የአፈሩ ምልክት፣ ስንጥቁና የንጥረ ነገሮቹ አቀማመጥ በአንድ ቦታ ላይ ሲገጣጠሙ ብቻ ነው።