ለጥቁር ቲሸርት የሚሆን የቃላት ደመና፦ የምስልን ባክግራውንድ ማጥፋት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በምሠራበት አነስተኛ የህትመት ቤት፣ የምረቃ ሰሞን የሚበዛው ሥራ የተመራቂዎች ቲሸርት ነው። አምና አንድ ቡድን የክፍሉን ተማሪዎች ስም፣ እንዲሁም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሚሉትን የቅኝት ስሞች በጀበና ቅርጽ የደረደረ የቃላት ደመና፣ ማለትም በተለያየ መጠን ከተጻፉ ቃላት የተሠራ ምስል፣ ይዞ መጣና በጥቁር ቲሸርት ላይ እንዲታተምለት አዘዘ። በስክሪኑ ላይ ምስሉ ያማረ ስለ ነበር ብዙም ሳልመረምረው ወደ ማተሚያው ላክሁት። የመጀመሪያው ቲሸርት ከሂት ፕሬሱ፣ በሙቀት ተጭኖ ከሚያትመው ማሽን፣ ሲወጣ ጀበናው በትልቅ ነጭ ሳጥን መካከል ተቀምጦ፣ ደረት ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ መስሎ አረፈው። የዚያን ቲሸርት ዋጋ እኔው ቻልሁት።

ስህተቱ የመጣው ነጭ ቀለምንና ባዶ ቦታን አንድ አድርጌ በማየቴ ነው። ለኮምፒውተር ነጭ እንደ ቀይና እንደ ሰማያዊ ራሱን የቻለ ቀለም ነው። ፒኤንጂ (PNG) በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ውስጥ ግን እያንዳንዱ ነጥብ (ፒክስል) ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ መጠኑ በተጨማሪ አልፋ የሚባል አራተኛ ቁጥር ሊይዝ ይችላል፤ ቁጥሩ 0 ሲሆን ነጥቡ ፈጽሞ አይታይም፣ 255 ሲሆን ሙሉ በሙሉ ይታያል፣ በመካከል ያሉት ደግሞ እንደ ስስ ነጠላ ከሥራቸው ያለውን በከፊል ያሳያሉ። ጄፔግ (JPEG) የሚባለው ሌላው የፋይል ዓይነት ይህ አራተኛ ቁጥር የለውም፤ ስለዚህ ባክግራውንዱን የቱንም ያህል ተጠንቅቀው ቢያጠፉ፣ ፋይሉን በጄፔግ ካስቀመጡት ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ደመናውን የሚሠሩት ራስዎ ከሆኑ ነጩን ከመጀመሪያው አለማስገባት ይሻላል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የቃላት ደመና ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) የሚጠቀም ሰው የባክግራውንዱን ቀለም ‹ነን› (None)፣ ሞዱን ደግሞ ‹አርጂቢኤ› (RGBA) ብሎ ከሰጠና ውጤቱን በፒኤንጂ ካስቀመጠ ምስሉ ያለ ባክግራውንድ ይወጣለታል። ላይብረሪው ይዞት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው፣ እንደ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት የተቀመጠበትን ቦታ ማመልከት የግድ ነው፤ አለዚያ በቃላቱ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ያገኛሉ። ደግሞም ‹ፀሐይ› እና ‹ጸሃይ› ለፕሮግራሙ ሁለት የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ፣ አጻጻፉን አስቀድሞ አንድ ማድረግ ይገባል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው በቅርጹ ምስል ላይ ነው። ደመናው የጀበና ቅርጽ እንዲይዝ ለፕሮግራሙ የሚሰጠው የጀበና ምስል ባክግራውንዱ የጠፋ ሳይሆን ነጭ መሆን አለበት። ላይብረሪው ቃላት የማይቀመጡበትን ቦታ የሚያውቀው ሦስቱም የቀለም ቁጥሮች በትክክል 255 በመሆናቸው እንጂ በአልፋው አይደለም፤ ባክግራውንዱ የጠፋ ምስል ብንሰጠው፣ ከማይታዩት ነጥቦች ሥር ብዙውን ጊዜ ጥቁር ስለሚገኝ ቃላቱ ጀበናውን ትተው አራት ማዕዘኑን በሙሉ ይሞሉታል። በጄፔግ የተቀመጠ ቅርጽም ያው ችግር አለበት፤ ጄፔግ የፋይሉን መጠን ለመቀነስ ምስሉን ሲያምቅ በጠርዙ ዙሪያ 253 ወይም 254 የሆኑ፣ ለዓይን ነጭ የሚመስሉ ነጥቦችን ይበትናል፣ እነርሱም ለፕሮግራሙ ነጭ አይደሉም። መፍትሔው የቅርጹን ምስል ጊምፕ (GIMP) በሚባለው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቶ፣ ከከለርስ ሜኑ ትሬሾልድ የሚለውን መርጦ ወደ ጥርት ያለ ጥቁርና ነጭ መለወጥና በፒኤንጂ ማስቀመጥ ነው። ባጭሩ መግቢያው ነጭ፣ መውጫው ባዶ ይሆናል ማለት ነው።

ደንበኛው ያለቀ ምስል ይዞ ሲመጣ ግን ነጩን በእጅ ከማጥፋት በቀር አማራጭ የለም። እኔ የምሠራው በጊምፕ ነው፤ ነፃ ከመሆኑም በላይ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ምስሉን ከፍተው ከሌየር ሜኑ ትራንስፓረንሲ ውስጥ አድ አልፋ ቻናል የሚለውን ይምረጡ፤ ይህ ከተዘለለ የሚያጠፉት ቦታ ባዶ በመሆን ፋንታ በባክግራውንድ ቀለም ይሞላል። ከዚያ ነጩን መርጠው ዲሊት ሲጫኑ ግራጫና ነጭ ዳማ የሚመስል መደብ ይታያል፤ ዳማው ባዶነትን የሚያመለክት እንጂ የምስሉ አካል አይደለም። ከኢንተርኔት ‹ፒኤንጂ› ተብለው ከሚወርዱ ምስሎች አንዳንዶቹ ዳማውን ራሱን እንደ ሥዕል ይዘው ይመጣሉና እንዳይሸወዱ።

ነጩን ሲመርጡ የተያያዘ ቦታን ብቻ የሚይዘውን ፈዚ ሴሌክት ሳይሆን በቀለም የሚመርጠውን ሴሌክት ባይ ከለር ይጠቀሙ። ፊደላችን ቀለበት ይበዛበታል፤ በመ፣ በወ፣ በቀና በዐ ውስጥ የተዘጋው ነጭ ከውጪው ነጭ ጋር ስለማይገናኝ፣ በፈዚ ሴሌክት ከተሠራ በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ‹ወሎ› የሚለው ቃል ወ ሆዱ በነጭ ተሞልቶ ይታተማል። የጀበናው እጀታ ቀዳዳም እንዲሁ ይረሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም በፊደላቱ ዙሪያ ቀጭን ነጭ ጠርዝ ሊቀር ይችላል፤ ጠርዙ ላይ ያሉት ነጥቦች የነጩና የፊደሉ ቀለም ቅልቅል ናቸውና። ለዚህ የሚሻለው ከለርስ ውስጥ ያለው ከለር ቱ አልፋ ነው፤ ነጭን ሲሰጡት ከእያንዳንዱ ነጥብ የነጩን ድርሻ እየቀነሰ ወደ አልፋ ይለውጠዋል። ጥቁርና ደማቅ ቀለሞች እንዳሉ ሲቆዩ፣ እንደ ፈዛዛ ሮዝና ውኃ ሰማያዊ ያሉት ግን ሳስተው ይቀራሉ። ስለዚህ ደመናው ፈዛዛ ቀለም የበዛበት ከሆነ በሴሌክት ባይ ከለር መርጦ ማጥፋቱን እመርጣለሁ፤ ጠርዙ በትንሹ ቢሻክር ይሻላል።

ከማስቀመጥዎ በፊት ከምስሉ ሥር አዲስ ሌየር (ንጣፍ) ከፍተው በቲሸርቱ ቀለም ይሙሉት፤ የተረሳ ነጭ ሁሉ ወዲያው ይጋለጣል። ሲጨርሱ ያንን ሌየር ደብቀው በኤክስፖርት አዝ በፒኤንጂ ያውጡ። መጠኑንም ይመልከቱ፤ ደረት ላይ 25 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ህትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ወደ 2950 ነጥብ ስፋት ይፈልጋል፣ ትንሹን ምስል በግድ ማስፋት ግን ፊደላቱን ያደበዝዛል። ፋይሉን በቴሌግራም ለማተሚያ ቤት የሚልኩ ከሆነ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ወደ ጄፔግ ስለሚለወጥ ያጠፉት ባክግራውንድ መንገድ ላይ ተመልሶ ይሞላል።