740አይ ወይስ አይ7? ባለ ቤንዚኑንና ባለ ባትሪውን ቢኤምደብሊው በትክክል የማወዳደሪያ መንገድ

ባለ ቤንዚን የቅንጦት መኪናን ከባለ ኤሌክትሪክ ጋር ማወዳደር ብዙ ጊዜ ገና ከመነሻው ይበላሻል። አካላቸውና የተሠሩበት ዘመን የማይገናኝ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆሙና ልዩነቱ ሁሉ በቤንዚኑ ወይም በባትሪው ይመካኛል። በ2022 የወጣው የቢኤምደብሊው 7 ሲሪስ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። 740አይ ባለ 3 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ቱርቦ ሞተር አለው፤ አይ7 ደግሞ 101.7 ኪሎዋት ሰዓት ጥቅም ላይ የሚውል ባትሪ ይዟል። አካሉ፣ ወንበሩና የውስጥ ዕቃው አንድ ስለሆነ የሚቀረው ልዩነት የኃይል ምንጩ ብቻ ነው። ባለ 5 ሲሪሱን ከአይ5 ጋር ለማወዳደርም ይኸው መንገድ ይሠራል።

ከፈረስ ጉልበት አይጀምሩ። ሁለቱም ከበቂ በላይ ኃይል አላቸው። መጀመሪያ መኪናው የት እንደሚያድር ይወስኑ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የራስዎ ግቢና የራስዎ ቆጣሪ ካለዎት ሒሳቡ ይህን ይመስላል። በ220 ቮልት፣ በአንድ ፌዝ፣ በ32 አምፔር የሚሠራ የግድግዳ ቻርጀር 7 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። ባትሪውን ከ10 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 71 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ባትሪው ሲሞላ የሚባክነው 10 በመቶ ገደማ ሲታከልበት 78 ይሆናል። ይህ 11 ሰዓት ይፈጃል፤ ማታ ሰክተው ጠዋት መንዳት ይችላሉ ማለት ነው። በተራ ሶኬት በ10 አምፔር ከሆነ ግን ያው ሥራ 36 ሰዓት ይወስዳል።

ለ32 አምፔር ከማከፋፈያ ሳጥኑ ጀምሮ ለብቻው የተዘረጋ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ያስፈልጋል፤ ርቀቱ ከበዛ 10 ያድርጉት። የራሱ ብሬከርና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያም ይኑረው። ብዙ ቤት ላይ የሚገጥመው ችግር የኧርዝ፣ ማለትም ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር ነው። ቻርጀሩ ኧርዝ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል፤ ሰውም ቻርጀሩ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። መፍትሔው የኧርዝ ዘንግ አስቀብሮ በባለሙያ ማስለካት ነው። ቻርጀሩን በሽቦ ማታለል ግን መኪናውን የሚነካውን ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል፤ በፍጹም አይፍቀዱ። ማራዘሚያ ገመድም አይጠቀሙ። ሌሊቱን ሙሉ 10 አምፔር የሚያልፍበት የላላ ሶኬት ይግላል፣ ይቀልጣል።

ቋሚ የማደሪያ ቦታ የሌለው፣ በኮንዶሚኒየም ግቢ ቦታ ባገኘበት የሚያቆም ሰው ግን 740አይን ቢመርጥ ይሻለዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው አይ7 ምቾቱን የሕዝብ ቻርጀር ወረፋ በመጠበቅ ይበላበታል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ተቋም (ኢፒኤ) መለኪያ 740አይ በ100 ኪሎ ሜትር 8.4 ሊትር ገደማ ሲጠጣ፣ አይ7 ኤክስድራይቭ60 ደግሞ 24 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሁለቱን ሲያካፍሉ ቀላል መለኪያ ያገኛሉ፦ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ሲሶ በታች ከሆነ ኤሌክትሪኩ ያተርፋል። በአዲስ አበባ የቤት ታሪፍ ጥያቄው ያለቀ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በሰፊ ልዩነት ይረክሳል። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት ግን በሕዝብ ፈጣን ቻርጀር ብቻ የሚሞላ ሰው ብዙ ጊዜ ሲሶውን አልፎ ይከፍላል፤ የነዳጅ ቁጠባ የሚባለው ነገር ለእሱ አይሠራም።

በደጋ አገር ለሚነዳ ሰው ከፍታውም ከሒሳቡ ውስጥ ይግባ። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ኃይሉን በዚያው መጠን ያጣል፤ የ740አይ ቱርቦ አብዛኛውን ያካክሳል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማያስፈልገው ምንም አይቀንስበትም። በሌላ በኩል፣ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣሉ። 2,650 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውን አይ7 ከነተሳፋሪው ያን ያህል ለማውጣት ከመደበኛው ፍጆታ ላይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨመራል። ስለዚህ መኪናው ቆላ ላይ ሆኖ የሚነግርዎትን ቀሪ ርቀት ለዳገት መንገድ በአንድ አምስተኛ ቀንሰው ይያዙት። ቁልቁል ሲመለሱ ሞተሩ ራሱ ፍሬን እየሆነ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

ለሙከራ ሲነዱ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ ደርሶ መልስ ቢያንስ 60 ኪሎ ሜትር ይንዱ። የጎማውን ንፋስ በር ላይ ባለው ሰሌዳ መሠረት ያስተካክሉ፣ የጉዞ መቁጠሪያውን ወደ ዜሮ ይመልሱ፣ ኤሲውን በአንድ ሙቀት ላይ ያድርጉ። የአይ7 ዳሽቦርድ የሚያሳየው ከባትሪው የወጣውን እንጂ ቆጣሪው ያስከፈለዎትን አይደለም፤ 10 በመቶ ይጨምሩበት። የኋላ ወንበሩን ደግሞ በእውነት የሚቀመጥበት ሰው ይሞክረው። ሻንጣ ከበዛብዎ 740አይ 540 ሊትር፣ አይ7 500 ሊትር ቦታ አላቸው።

በጥገና በኩል 740አይ በየዓመቱ ወይም በ16,000 ኪሎ ሜትር 6.5 ሊትር 0ደብሊው-20 ዘይት ከነፊልትሮው ይፈልጋል። አቧራና መጨናነቅ በበዛበት ከተማ ጊዜውን ማሳጠር ለቱርቦው ዕድሜ ይበጃል። አይ7 የሞተር ዘይትና ካንዴላ የለውም፤ የፍሬን ዘይትና የካቢን ፊልትሮ ግን እንደ ወንድሙ ይቀየርለታል። ከ740አይ በ550 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚከብድ ጎማ ቶሎ ይጨርሳል፤ ሲቀይሩ የጎማው የመሸከም ቁጥር ከበሩ ሰሌዳ እንዳያንስ። የፍሬን ሸራው ብዙም ስለማይሠራ ዲስኩ ይዝጋል፤ በሳምንት አንዴ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይያዙ። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ስትሞት ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም፤ ይህ ብዙዎችን ያስደነግጣል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ 740አይ የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው አስቀድሞ ከገቡት መካከል ነው። አይ7 ለማስገባት የሚያስብ ደግሞ ውል ሳይፈርም የቻርጅ መሰኪያውን ፎቶ ያስልክ። ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ2፣ ለቻይና የተሠራው ጂቢቲ፣ ለአሜሪካ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ ሲሲኤስ1 የተባለ መሰኪያ ነው። ለቤት ቻርጅ የሚሆን አዳፕተር ቀላል ነው፤ ለፈጣን ቻርጀር የሚሆነው ግን ውድ ነው፣ ከመኪናው ጋር ሳይግባባም ሊቀር ይችላል።

ያገለገለ አይ7 ከሆነ በሊፍት አስነሥተው የባትሪውን ሽፋን ከሥር ይመልከቱ፤ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የደቆሰው ሽፋን ውስጡን ጎድቶ ሊሆን ይችላል። የባትሪውን ቀሪ ጤንነት በመመርመሪያ መሣሪያ ያስነብቡ፣ ፈጣን ቻርጀር ላይም ሰክተው ይሞክሩት። የባትሪው ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪናው ከተሸጠበት አገር ውጭ ማን እንደሚያከብረው ግን ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።